መንገዱ በደጃችን ያልፋል

ዛሬ ስለ መኪና ልናወራችሁ ነው። መኪና የሌለው ሰው ስለ መኪና ማውራት ይወዳል፤ እኛም ከዚያው ወገን ነን። (“እኛ” የምንለው ብቻችንን ስንሆን እንኳ ነው። ወሎ ያደገ ሰው “እኔ” ማለት ያፍራል። ደግሞም የምንጽፈው የአንድ ሰው ታሪክ ብቻ አይደለም።)

ለማታውቁን እንንገራችሁ፤ የሐይቅ ልጆች ነን። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር፣ ከደሴ ሐይቅ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተማችን የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ስሟንም ያገኘችው ከጎኗ ከተኛው ሐይቅ ነው። ወደ ሰሜን ገፋ ስትሉ አምባሰልን ታገኛላችሁ፤ መቀመጫዋ ውጫሌ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደሴን፣ ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ ውርጌሳንና መርሳን እያለ ወልድያ የሚገባው፣ ከዚያም ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አስፋልት በመሃላችን ያልፋል። “ያልፋል” የምትለዋን ቃል ያዙልን። ኋላ እንመለስባታለን።

ሠላሳ አንድ መኪና

ነገሩ የሆነው በ2006 ዓ.ም. ክረምት ነው። ትምህርት ተዘግቶ ከሐይቅ አምባሰል፣ አያታችን ዘንድ ሄደን ነበር። የአያታችን ቤት ከአስፋልቱ ወደ ላይ፣ ሰው ሸክም ሳይኖርበት ሲወርድ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሲወጣ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ዳገት ላይ ነው። አክስታችን (የእናታችን ታናሽ) ነፍሰ ጡር ነበረች። ምጡ ሌሊት ጀመራት። ሲነጋ አልሆን አለ። ልምድ ያላቸው እናቶች እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ፤ እኛም ልጆች ብንሆንም ያ መተያየት ምን ማለት እንደሆነ ገባን።

የቅሬው ሰው ተጠራ። (ለአዲስ አበባ አንባቢ፤ ቅሬ ማለት እናንተ ዕድር የምትሉት ነው። ወሎ ውስጥ ቅሬ ሬሳ ብቻ ሳይሆን ሕመምተኛም ይሸከማል።) ቃሬዛ ተሠራ። ወንዶቹ አራት አራት እየሆኑ እየተቀያየሩ ያዙት። ዝናብ ጥሎ ስላደረ ጭቃው ያንሸራትት ነበር። ከኋላ የሚከተሉት ሴቶች ግማሾቹ “ያ ረቢ” ግማሾቹ “ማርያም ማርያም” ይላሉ፤ ደግሞ ሃይማኖታቸው ምንም ይሁን ሁሉም “ማርያም ትቅረብሽ” ይሏታል። እኛ ነጠላዋንና የውሃ ጆግ ይዘን ከኋላ እንሮጣለን። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ሦስት ሰዓት ገደማ ሆኖ ነበር።

እዚህ ላይ “ተገላገልን” አልን። መንገድ ደረስን አይደል? አምቡላንስ ቢደወል ሌላ ወላድ ይዞ መንገድ ላይ ነው ተባለ። “ግድ የለም፣ መኪና ሞልቷል” አሉ ትልልቆቹ። እውነታቸውን ነበር። መኪና ሞልቷል።

እኛ መቁጠር ጀመርን። ለምን እንደቆጠርን አናውቅም፤ ልጅ ሲጨንቀው ይቆጥራል። አንድ አውቶቡስ፤ ረዳቱ በመስኮት እጁን አውጥቶ አገላብጦ አሳየን፣ “ሞልቷል” ማለቱ ነው። ሁለት ላንድክሩዘር፣ በር ላይ የእርዳታ ድርጅት ምልክት ያለባቸው፣ ውስጣቸው አንድ አንድ ሰው የተቀመጠባቸው። አባዱላ ሚኒባስ ቆመ፤ ሹፌሩ ቃሬዛውን አየና “ደም አላት?” አለ። መልሱን ሳይሰማ “ኮንትራት ከሆነ ስድስት መቶ” አለ። ወንዶቹ ኪሳቸውን ዳበሱ፣ ሴቶቹ መቀነታቸውን ፈቱ። ሁለት መቶ አርባ ብር ተገኘ። ሚኒባሱ ሄደ። ከዚያ ሲኖ ትራክ፣ ከዚያ ሌላ አውቶቡስ፣ ከዚያ የሙሽራ መኪና ይመስል የሚያብረቀርቅ አውቶሞቢል…

ሠላሳ አንደኛው አይሱዙ ነበር። ያ ስሙ የጠፋ፣ በፍጥነቱና በአደጋው ብዛት “አልቃይዳ” የሚል ቅጽል የወጣለት የጭነት አይሱዙ። ሽንኩርት ጭኖ ወደ ደሴ ይሄዳል። ሹፌሩ ወርዶ ቃሬዛውን አየና አንድ ቃል ሳይናገር ረዳቱን ከጋቢና አስወረደው። አክስታችንን ከአያታችን ጋር አስገባት። ረዳቱና ሁለት ወንዶች ሽንኩርቱ ላይ ወጡ። ሳንቲም አልጠየቀም።

አክስታችን ተረፈች። ልጁ ሐይቅ ሳይደርሱ ጋቢና ውስጥ ተወለደ፤ አላለቀሰም።

የመሃል ከተማ ሰው

ዓመታት አለፉ። አደግን፣ ዩኒቨርሲቲ ገባን፣ ጋዜጠኝነት ተምረን ተመረቅን። ትምህርቱ ካስተማረን ነገር አንዱ “ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት” ብሎ መጠየቅ ነው። ስለ ትራንስፖርት ሲወራ ግን የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ “ስንት” ብቻ ነው፤ ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራ? ስንት አውቶቡስ ተገዛ? እኛ ደግሞ ያ ቁጥር ከተቆጠረበት ቀን ጀምሮ “ለማን?” የሚለው ጥያቄ አልለቅ ብሎናል።

የሐይቅ ሰው መኪና የሚይዝበትን መንገድ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። ከደሴ ወልድያ የሚሄደው መኪና ደሴ መናኸሪያ ሞልቶ ይነሣል። ከወልድያ ደሴ የሚመጣውም እንዲሁ። የመሃል ከተማ ሰው ዕድሉ በሰው መውረድ ላይ ነው። አንድ ሰው እንዲወርድ እየጸለያችሁ ትቆማላችሁ። መኪናው ከቆመ ደግሞ ረዳቱ “የወልድያ ትከፍላላችሁ” ይላል። “ውጫሌ ነው እኮ የምንወርደው!” ብትሉ “ካልፈለጋችሁ ተዉት” ነው መልሱ። ታሪፍ የሚባል ወረቀት አለ፤ እሱ መናኸሪያ ግድግዳ ላይ ይኖራል፣ እኛ ደግሞ አስፋልት ዳር እንኖራለን፤ ብዙ አንገናኝም።

ለረዳቱም ቢሆን አንፈርድም። እሱም ባለቤቱ የሚጠብቀውን የቀን ገቢ ይዞ ካልገባ ነገ ሥራ የለውም። ነገር ግን ሂሳቡን ተመልከቱት። ለረጅም መንገድ የሚከፍለው ሰው ወንበር አለው። ለአጭር መንገድ የሚሄደው፣ ማለትም እንቁላል ለመሸጥ፣ ሐኪም ለማየት፣ የልጅ ወረቀት ለማስፈረም የሚሄደው፣ ወይ ቆሞ ይሄዳል ወይ ላልሄደበት ይከፍላል። በኪሎ ሜትር ሲሰላ ከሁሉም ውድ የሚከፍለው ከሁሉም ድሃው ተሳፋሪ ነው።

በከተማው ውስጥስ? እዚያ ባጃጅ አለ። ባጃጅ ለሐይቅ ትልቅ ነገር ነው፤ የማንም መኪና የማይገባበት የኮብልስቶን መንገድ ድረስ ይገባል፣ ለስንት ወጣት እንጀራ ሆኗል። ግን ባጃጅም በነዳጅ ነው የሚሄደው። ቤንዚን በ2014 ዓ.ም. ክረምት በሊትር ወደ 48 ብር ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ከ100 ብር አለፈ። ይኸ የማደያው ዋጋ ነው። ማደያው “የለም” ሲል በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ መንገድ ዳር የሚሸጠው ዋጋው ሌላ ነው። መንግሥት ድጎማው ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ እንዲሆን ሲያደርግ ሐሳቡ ድሃውን መጠበቅ ነበር። ሆኖም በጠርሙስ የቀዳ ባጃጅ በድጎማ ዋጋ አይጭንም። ልዩነቱን የሚከፍለው ማን ነው? ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው ናት። እሷም ካልቻለች በእግሯ ትሄዳለች።

ማታ ደግሞ ሌላ ሂሳብ አለ። ሴቶች ልጆች ስለሆንን ይህን ሳንጽፍ ብናልፍ ራሳችንን እንዋሻለን። ከመሸ በኋላ ብቻችንን ባጃጅ ስንይዝ ታርጋውን በስልክ ለቤት እንናገራለን፤ ሹፌሩ እንዲሰማ ጮክ ብለን። ከደሴ የመጨረሻውን መኪና ላለማጣት የማታ ትምህርት ያቋረጡ፣ ሥራ የተዉ እህቶች አሉን። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባበትም። እሱ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን፣ ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የገዳም ሥርዓት ነው፤ እናከብረዋለን፣ ከሐይቁ ዳር ቆመን እንሳለማለን። የሚከፋን ማንም ሥርዓት ሳይሠራለት፣ ማንም “ክልክል ነው” ሳይል፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ለሴት የሚዘጋው የቀረው ዓለም ነው።

መንገዱ ለማን ተሠራ?

ውጫሌ ሲባል ሁላችሁም አንቀጽ 17 ትዝ እንደሚላችሁ እናውቃለን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል፤ በአማርኛው “ቢፈልጉ ይችላሉ” የሚል፣ በጣልያንኛው “ግዴታ ነው” የሚል። አገራችን በዚያ ልዩነት ምክንያት ዐድዋ ድረስ ሄደች። ጣልያን ከ40 ዓመት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ከአሥመራ አዲስ አበባ የሚወርድ መንገድ ሠራ፤ በዚያው በውጫሌና በሐይቅ በኩል። መንገዱ የተሠራው የውጫሌ ሰው ሐይቅ ገበያ እንዲደርስ አልነበረም። ወታደርና ስንቅ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ በፍጥነት እንዲያልፍ ነበር። “ያልፋል” ያልነው ለዚህ ነው። መንገዱ ከተወለደ ጀምሮ የሚያልፍ መንገድ ነው። አስፋልቱ ስንት ጊዜ ታደሰ፤ ጠባዩ ግን ብዙም አልተለወጠም።

ይህን የምንለው በቂም አይደለም። ከሐይቅ እስከ ወልድያ ያለው ሽማግሌ ሁሉ የሚያውቀውን የ1965 እና የ1966 ዓ.ም.ን ረሃብ አስቡት። ኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የድህነትና የረሃብ መጽሐፉ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለዚያ ረሃብ ሰጥቶ ነበር። ሴን የጠየቀው “እህሉ ያልደረሰው መንገድ ስላልነበረ ነው ወይ?” ብሎ ነው። መልሱ አስደንጋጭ ነበር። ዋናው አውራ ጎዳና በተራበው አገር መሃል ለመሃል ያልፍ ነበር። እንዲያውም ስለ ረሃቡ መጀመሪያ ወሬ ያመጡት በዚሁ መንገድ ላይ በተራቡ ሰዎች እየተለመኑ የቆሙ መንገደኞች ነበሩ። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ ምክንያቱም የተራበው ሰው ከብቱ አልቆ፣ ማሳው ከስሞ፣ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ከዚያ ሁሉ ሰቆቃ መሃል እህል ከወሎ ወደ ውጭ ተጭኖ ይወጣ እንደነበርም ጽፏል፤ ገንዘብ ወዳለበት።

ይህን ስናነብ አክስታችን ትዝ አለችን። የተራበው ሰው አስፋልት ዳር ቆሞ፣ እህል የጫነ መኪና በፊቱ ሲያልፍ። አክስታችን አስፋልት ዳር ተኝታ፣ ሠላሳ መኪና በፊቷ ሲያልፍ። ጉዳዩ የእህል ማነስ እንዳልነበረ ሁሉ የመኪና ማነስም አልነበረም። የጠፋው በዚያ በሚያልፈው ነገር ላይ ያለን መብት ነው። “የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው” ይባል የለ? የአስፋልት ዳር ልጅም መንገድ ይጠማዋል።

ጥቅምት 2014

ይህን ክፍል አሳጥረን እናልፈዋለን፤ ቁስሉ ገና ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ እኛ ሲገፋ በመንገዱ ላይ መጀመሪያ ያየነው ከሰሜን የሚመጡ ሰዎችን ነበር። በመጀመሪያ በአውቶሞቢል የመጡ፤ እነሱ ሐይቅ ላይ ውሃ ገዝተው አለፉ። ቀጥሎ በሚኒባስ የመጡ። ቀጥሎ በአይሱዙ ላይ ተደራርበው የመጡ። መጨረሻ ላይ በእግራቸው የመጡ፤ ፍራሽ የተሸከሙ፣ ልጅ ያዘሉ፣ አንዲት ላም የሚጎትቱ። ማን ምን ያህል ሀብት እንዳለው ያን ሰሞን ለማወቅ ከፈለጋችሁ የደረሰበትን ቀን መጠየቅ ብቻ ነው።

በጥቅምት መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ ተራው የእኛ ሆኖ ነበር። ያን ሳምንት የአንድ ወንበር ዋጋ በሰዓት ይለዋወጥ ነበር። መኪና ያለው ዘመድ ያለው ቀድሞ ወጣ። ገንዘብ ያለው ተከተለ። እኛ ግማሹን በመኪና ግማሹን በእግር ሄድን። አያታችን “እኔ እግሬ አይችልም፣ እናንተ ሂዱ” ብላ ቀረች። ከተሞቹ እስከተመለሱበት እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ስለ እሷ የሰማነው ነገር አልነበረም። በሕይወት አገኘናት፤ አልሐምዱ ሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሁሉም ግን እንደ እኛ አልታደለም። በኋላም፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ መጀመሪያ የሚቆመው ኑሮ የማን እንደሆነ በየጊዜው አይተናል። ገንዘብ ያለው በአውሮፕላን ይዞራል። የሌለው ቤቱ ይቀመጣል።

ጭሱ የማን ነው?

አሁን ደግሞ ወደ አየርና ወደ ውሃ እንምጣ። በደጃችን የሚያልፈው መንገድ ምንም ሳይተውልን አያልፍም፤ ጭስና አቧራ ይተውልናል።

ጠዋት ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆችን ተመልከቱ። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ቦታ በአስፋልቱ ጠርዝ፣ አንድ ጎናቸው ቦይ አንድ ጎናቸው ሲኖ ትራክ ሆኖ ይሄዳሉ። ከገጠር ሸክም ይዘው የሚወርዱ ሴቶች፣ አህያ የሚነዱ ልጆች፣ ሁሉም በዚያው ጠርዝ ናቸው። ከባድ መኪናው ዳገት ሲወጣ የሚያወጣውን ጥቁር ጭስ የሚተነፍሱት እነሱ ናቸው፤ መስኮቱን ዘግቶ የሚያልፈው አይደለም። አደጋ ሲደርስም እንዲሁ ነው። አንድ ሊትር ነዳጅ በሕይወቷ ያላቃጠለች ሴት የነዳጅን ዕዳ በሳንባዋና በእግሯ ትከፍላለች።

ሐይቁም ይከፍላል። የእኛ ሐይቅ ውሃ ይገባበታል እንጂ በወንዝ አይወጣበትም። ከአርድቦ ሐይቅ የሚነሣው የአንከርካ ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ዘይትም ሆነ ፕላስቲክ፣ ከመንገድ ታጥቦ የወረደ ሁሉ እዚያው ይቀራል። የእስጢፋኖስ ገዳም ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ውሃው ሸሽቶ በእግር የሚደረስበት ሆኗል። ወንዝ ዳር ባጃጅ ሲታጠብ ስናይ “ምን አለበት፣ ይሄዳል” እንላለን። ወዴት ይሄዳል? መውጫ የሌለው ሐይቅ የሰጡትን ሁሉ አስቀማጭ ነው። ዓሣውን የሚያጠምደውና ውሃውን ለከብቱ የሚቀዳው ደግሞ ባጃጅ የሌለው ሰው ነው።

ድርቅም ሲመጣ ተመሳሳይ ነው። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ወሎ ተጎዳ። ለዓለም ሙቀት የአምባሰል ገበሬ ያዋጣው ጭስ ምን ያህል ነው? የምድጃው ጭስ ካልተቆጠረበት በቀር ምንም። “አምባሰል” የሚለው ስም በቅኝቱ የታወቀ ነው፤ ዜማው በመኪና ቴፕ በየአገሩ ይዞራል። የስሙ ባለቤት ግን አሁንም በእግሩ ነው።

ሸገርም ያው ናት

ከተመረቅን በኋላ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ገባን። እዚያ መኪና እንደ ውሃ ይፈስሳል ብለን ነበር። ይፈስሳልም፤ ግን ቁጭ ብሎ።

የተከራየነው ከከተማው ጠርዝ ነው፤ የመሃሉ ኪራይ ለእኛ አይነካምና። ጠዋት በጨለማ ወጥተን ሦስት ታክሲ እንቀያይራለን። ከደመወዛችን ለምግብ ከምናወጣው ለታክሲ የምናወጣው የበለጠበት ወር ነበር። ከመሃል ከተማ ተነሥተው ዳር ላይ ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው ጎረቤቶቻችንም ይህንኑ ይሉናል፤ “ቤት አገኘን፣ ሥራ ራቀን”። ድሮ በእግሯ አሥር ደቂቃ ሄዳ ልብስ የምታጥብላቸው ደንበኞች የነበሯት ሴት አሁን የታክሲው ሂሳብ የቀኑን ገቢ ስለሚበላባት ሥራውን ትታዋለች።

ስለ አዲስ አበባ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ በከተማዋ ከሚደረጉት ጉዞዎች ከግማሽ በላይ በእግር ናቸው። ከተማዋ ግን ለረጅም ጊዜ የተሠራችው ለመኪና ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር በ2፣ በ4 እና በ6 ብር ይጭን ነበር፤ ለድሃው እውነተኛ እፎይታ ነበር። በኋላ ግን በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ባቡሮች ቆሙ፤ የሐዲዱ አጥር ግን አልቆመም፣ ለመሻገር ዞሮ የሚሄደው እግረኛ ነው። በ2011 ዓ.ም. “መንገድ ለሰው” ተብሎ በወር አንድ እሑድ ጎዳናዎች ለእግረኛ ሲከፈቱ ደስ ብሎን ወጥተን ጨፍረናል። በቅርቡም በኮሪደር ልማት ሰፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ተሠርተዋል፤ ያማሩ ናቸው፣ መልካሙን መልካም ማለት አለብን። ጥያቄያችን ያው የድሮው ነው። ለማን? በዚያ በር ላይ ይኖር የነበረውና ወደ ዳር የተዛወረው ሰው በዚያ መንገድ ላይ ለመሄድ ሦስት ታክሲ መያዝ አለበት።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ ስለሆነ ሐሳቡ ትርጉም አለው፤ ጭስም ይቀንሳል። ግን የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የሚገዛው ማን ነው? ወጪው ቀንሶለት፣ ጭሱ ቀርቶለት፣ በጸጥታ የሚያልፈው ያው ድሮም የሚያልፈው ሰው ነው። ያረጀው አይሱዙና ያረጀው ሚኒባስ ከነጭሱ ወደ እኛ ወደ ክፍለ ሀገር ይወርዳል። ንጹሕ አየርም በወረፋ ሆነ፤ ወረፋውም ከላይ ነው የሚጀምረው። በነገራችን ላይ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ወልድያ አቅራቢያ የሚወጣ 392 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ መሠራት የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነበር። ጦርነቱ ሲደርስበት ገና መንገደኛ አልጫነም ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷን የማላይ።

ታዲያ ምን ይሁን?

“ጋዜጠኛ ማማረር እንጂ መፍትሔ አያውቅም” እንዳትሉን ጥቂት ነገር እንበል። የምንጠይቀው ድልድይ በወርቅ ይለበጥ አይደለም።

አንደኛ፣ በረጅም መስመር መኪኖች ላይ ለመሃል ከተማ ሰው ጥቂት ወንበር ይያዝ፤ ታሪፉም በሄደበት ልክ ይሁን፣ ወረቀቱም አስፋልት ዳር ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ አስፋልት ሲታደስ ለእግረኛ፣ ለአህያና ለጋሪ የሚሆን ጠርዝ አብሮ ይሠራ። የሚበዛው መንገደኛ እሱ ነውና ትርፍ ወጪ አድርገን አንቁጠረው። ሦስተኛ፣ ከሁሉም በላይ፣ ቃሬዛ አስፋልት ዳር ሲታይ መቆም ግዴታ ይሁን። የቆመ ሹፌር ደግሞ የነዳጁ ወጪ ይተካለት፣ “ለምን አቆምክ፣ ለምን ትርፍ ጫንክ” ተብሎ እንዳይንገላታ ሕግ ይጠብቀው። ብዙ ሹፌር ክፉ ሆኖ አይደለም የማይቆመው፤ መንገድ ላይ ብትሞትብኝ እኔው እጠየቃለሁ ብሎ ፈርቶ ነው። አራተኛ፣ ባለሥልጣኖቻችን በዓመት አንድ ቀን ከደሴ ውጫሌ በሕዝብ ማመላለሻ ይሂዱ፤ ከመሃል መንገድ ተሳፍረው። ከመናኸሪያ አይደለም፣ ከመሃል!

ባለፈው ለበዓል ቤት ሄደን ነበር። አክስታችን ቡና አፍልታ አቦሉን ስትቀዳልን ቴሌቪዥኑ ስለ ትራንስፖርት ዜና ያወራል። ዜና አንባቢው “የተሽከርካሪ እጥረቱን ለመቅረፍ” አለ። እሷ ጀበናውን እንደያዘች ቆም አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚያ ልጅ ስታወራ ሰምተናት አናውቅም። ያን ዕለት ግን ቴሌቪዥኑን እያየች እንዲህ አለች፤

“መኪናማ ሞልቶ ነበር፣ ልጀዋ።”

ሲኒዋን አቀበለችን። ከውጭ አንድ አውቶቡስ ጥሩንባውን እየነፋ ወደ ወልድያ አለፈ።